የአፍንጮ ሦስት በርሜሎች

ጠዋት ጠዋት፣ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከማንም ጋር ሳይነጋገር፣ ግቢው ውስጥ ከተደረደሩት ሰማያዊ በርሜሎች ወደ አንዱ ይሄዳል። ክዳኑን ይፈታል። ሁለት እጁን ጠርዙ ላይ አሳርፎ ያጎነብሳል፤ አፍንጫውን ወደ ውስጥ ሰድዶ ዓይኑን ይጨፍናል። ሦስት ጊዜ ይስባል። አንዱ ለላይኛው አየር፣ አንዱ ለመካከሉ፣ አንዱ ለታችኛው ነው ይላል። ከዚያ ቀና ብሎ፣ ወይ በርሜሉን በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አድርጎ ወደ መጋዙ ያንከባልለዋል፣ ወይ ክዳኑን መልሶ ገጥሞ በእግሩ ወደ አጥሩ ይገፋዋል። የተገፋ በርሜል ዳግመኛ አይታይም።

ሰፈሩ አፍንጮ ይለዋል። አፍንጫው ትልቅ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ሚስቱ፣ ዝናብ ሲጀምር ከሁላችን ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ነው እያለች ትስቅበታለች። ቅጽል ስሙን ያተረፈው ግን በሥራው ነው። አፍንጮ ከአሮጌ የፕላስቲክ በርሜል ለከብት የጨው ገንዳ ይሠራል።

ለሚያየው ቀላል ሥራ ነው። ሰው አቅፎ የሚያነሳው መካከለኛ በርሜል ይመረጣል። ጎኑ ላይ የላም ፊት የሚያስገባ መስኮት በከሰል ይሣልና በእጅ መጋዝ ይቆረጣል። ክዳኑ እንደ ጣሪያ ሆኖ ዝናብ ይከልላል። ከታች እርጥበት የሚያወጡ ትንንሽ ቀዳዳዎች በጋለ ምስማር ይበሳሉ። የመስኮቱ ከንፈር በብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል፤ ከዚያም ምላስ እንዳይቧጭር በቁመቱ የተሰነጠቀ የውሃ ጎማ ዙሪያውን ይለብሳል። ውስጡ ጨው፣ የማዕድን ዱቄትና ተቃጥሎ የተፈጨ አጥንት ተደባልቆ ይጨመርና በላሟ ደረት ልክ በሰንሰለት ይንጠለጠላል። ቀድሞ ሰዉ ድብልቁን በጣሳ ያቀርብ ነበር። ግማሹን ከብቶቹ ይገለብጡታል፣ ግማሹን ጭቃ ይበላዋል። አፍንጮ ይህን ገንዳ ካመጣ ወዲህ አጥንቷ የሳሳ ላም፣ እግሩ የጎበጠ ጥጃ በአካባቢው ቀንሷል ይባላል።

ከባዱ ነገር መቁረጡ ሳይሆን መምረጡ ነው። ዘይት የነበረበት በርሜል ደህና ነው። የጭማቂም፣ የኮምጣጤም ደህና ነው። ቀለም፣ አሲድ፣ የተባይ መድኃኒት የነበረበት ግን ምንም ቢታጠብ ለከብት አይሆንም። የሚሸጡት ሰዎች ደግሞ በርሜሉ አዲስ እንዲመስል ወረቀቱን ፍቀው ነው የሚያመጡት። ስለዚህ የሚቀረው አፍንጫ ብቻ ነው። ከብት ያለው ሁሉ፣ አፍንጮ ካሸተተው ዓይንህን ጨፍነህ ውሰድ ይል ነበር።

ከአራት ወር በፊት አንድ ሳምንት ትኩሳት አስተኛው። ትኩሳቱ ሲለቀው የማሽተት አቅሙንም ይዞበት ሄደ። ያወቀው ወተት ሲያር ነው። ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ ጫማውን እየሰፋ ሳለ ሚስቱ ከግቢ እየሮጠች ገብታ ድስቱን አነሳችና፣ አጠገቡ ተቀምጠህ እንዴት ዝም ትላለህ ብላ ተቆጣችው። ሐሳብ ይዞኝ ነው አላት። በማግስቱ ብቻውን ሆኖ ላምባ አሸተተ፤ ሳሙና አሸተተ፤ የጫማውን ውስጥ አሸተተ። ሁሉም እንደ ውሃ ነበር።

ለማንም አልተናገረም። ምን ብሎ? ሹፌር ዓይኔ አያይም ቢል ማን መኪና ይሰጠዋል? በየጠዋቱ ማጎንበሱን ግን አልተወም፤ ሦስት ጊዜ መሳቡንም አልተወም። በውስጡ አንድ መላ አበጅቷል። በርሜል የሚወስደው ከሚያውቀው የዘይት መጋዘን ብቻ ሆነ። ዘይት የነበረበት በጣት ይታወቃል፤ ያሙለጨልጫል። በዚህ መላ ሦስት ወር ከምናምን አለፈ፤ አንድም ነገር አልተበላሸም። ነገሩ እንዲሁ ይቀጥላል ብሎም ማመን ጀምሮ ነበር።

ከዚያ መጋዘኑ ባዶ ሆነ። ገንዳ የሚጠብቁ ሦስት ሰዎች ነበሩት፤ አንድ ከብት አድላቢ፣ አንድ ጡረተኛና ባለወተቷ። ባላቸው የሞተባቸው፣ በሁለት ላም የሚኖሩ ሴት ናቸው። አንደኛዋ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦቃ፣ ለመውለድ ሁለት ሳምንት አልቀራትም፤ ባለወተቷም ከመውለዷ በፊት ማዕድን ታግኝልኝ እያሉ በየቀኑ ይልኩበታል። እንዲህ ተይዞ ሳለ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ባለጋሪ ሦስት በርሜል ጭኖ በሩ ላይ ቆመ። ሦስቱም ሰማያዊ፣ ሦስቱም ወረቀታቸው የተፋቀ፣ እንደ መንታ የሚመሳሰሉ ናቸው።

አፍንጮ ክዳናቸውን ፈታ። አጎነበሰ፤ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሦስት ጊዜ ሳበ። ባለጋሪው ክንዱን አጣምሮ ያየዋል። ጣቱን ሰድዶ ውስጡን ዳበሰው፤ ደረቅና ንጹሕ ነው። ሁለቴ መታ መታ አደረጋቸው።

በሳሙናና በአመድ አጠባቸው፤ አንድ ቀን ፀሐይ ላይ አዋላቸው። በማግስቱ ሦስቱንም ቆርጦ፣ ከሰዓት በኋላ ሦስቱንም በየቤቱ ሰቀለ። ማታውን ዝናብ ጣለ። ጥሩ ዝናብ ነው ብሎ ተኛ።

ሲነጋ ሚስቱ የውሃ እንስራ ልትከድን ፈልጋ ከግድግዳው ሥር ካሉት ሦስት ቁራጮች አንዱን አነሳች። ከመስኮቶቹ ላይ የወጡት ቁራጮች ናቸው፤ እሱ አይጥላቸውም፣ እሷም ለክዳን፣ ለትሪ፣ ለዶሮ ውሃ ትጠቀምባቸዋለች። ቁራጩን ወደ እንስራው አፍ እንዳስጠጋችው እጇ አየር ላይ ቀረ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው?» አለች።

ተቀብሏት አሸተተ። «የፕላስቲክ ነው» አላት።

ቁራጩን ከእጁ ወሰደችና መሬት ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ተጠግታ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ጭንቅላቷን አፍንጫው ሥር አመጣች።

«ፀጉሬን ምን ተቀባሁ?»

«ቅባት።»

«የቱን ቅባት?»

ልጆቹ ከውስጥ ሲጨቃጨቁ ይሰማል።

«ቅባት አልነካኝም» አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትናንት ላምባ ስቀዳ ራሴ ላይ ፈሶብኛል። ልጆቹ አንቀርብሽም ብለውኝ አደሩ። አንተ ግን አጠገቤ ተኝተህ አንድ ቃል አልተናገርክም። እኔ እኮ ወተቱ ካረረበት ቀን ጀምሮ ነው የምጠረጥረው። ይነግረኛል ብዬ ነው የጠበቅኩህ።»

መልስ ሳትጠብቅ የቀሩትን ሁለት ቁራጮች አንድ በአንድ አሸተተች። እነዚህ ደህና ናቸው፣ ያኛው ብቻ ነው አለች። ከሦስቱ ገንዳ አንዱ መርዝ የነካው ነው፤ የተሰቀለው በየትኛው በረት እንደሆነ ግን አፍንጮ አያውቅም።

ሚስቱ ለሦስቱም ደውለህ አውርዱ በላቸው አለችው። ስልኩን አወጣ፤ ቁጥሩንም አገኘ፤ ግን አልደወለም። በስልክ ምን ብዬ አለ። አንዴ መርዝ የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከተማውን ያዳርሰዋል። ራሴ ሮጬ ባወርደው ይሻላል አለ። ሚስቱ አትኩራ አየችውና፣ የምትሮጠው ለከብቶቹ ነው ወይስ ለስምህ ብላ ጠየቀችው። እሱ ቁራጩን ጆንያ ውስጥ ከትቶ ጉጠቱን ኪሱ ውስጥ ጨምሮ ወጥቷል።

ከማሽተት በቀር አንድ መንገድ እንዳለ ያወቀው ቁራጩን ሲያነሳ ነው። መስኮቱን የሚሥለው በእጁ፣ የሚቆርጠውም በእጁ ነው። መጋዙ በየበርሜሉ የራሱን ጠማማ መንገድ ይሄዳል። ስለዚህ ቁራጩ የሚገጥመው ከወጣበት መስኮት ጋር ብቻ ነው።

በመንገድ ላይ ለባለጋሪው ደወለ። በርሜሎቹ ውስጥ ምን እንደነበረ ጠየቀው። ባለጋሪው መጀመሪያ ዘይት ነው አለ። ቆይቶ ጭማቂ ሳይሆን አይቀርም አለ። አፍንጮ ሲጫነው ሳቀና፣

«ጋሼ፣ አሽትተህ አይደል እንዴ የወሰድከው?» አለው።

አፍንጮ፣ ላም ልትሞት ነው፣ እውነቱን ንገረኝ አለ። ባለጋሪው መሳቁን ተወ። ሁለቱ ከጭማቂ ፋብሪካ ነው የመጡት አለ። አንዱ ግን ከአትክልት እርሻ መጋዘን ነው፤ የሚረጭ ነገር የሚያስቀምጡበት መሰለኝ፤ ወረቀቱን ስፍቀው ምን እንደሚል አላነበብኩም፣ ማንበብስ መች ተማርኩ አለ።

ቅርቡ ቤት የከብት አድላቢው ነው። በረቱ ውስጥ አሥራ አንድ በሬ ቆሟል። አድላቢው ቀልደኛ ሰው ነው፤ አፍንጮ ሲገባ ገና በሩ ላይ፣ አፍንጫህ ከገባ ቆየ አንተ አሁን ደረስክ አለው። አፍንጮ እንደ ምንም ሳቀ። ሰንሰለቱን ላየው ብዬ ነው አለና ገንዳው ሥር ተንበረከከ። በሬዎቹን በክርኑ ገፋ። የከንፈሩን ጎማ በጉጠት ስቦ አወጣው። ቁራጩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠው። አንዱ ማዕዘን ገባ፤ ሌላው ግን ሁለት ጣት ያህል ወጥቶ ቀረ። ቢያዞረውም አልገባም።

«ሰንሰለት ነው ብለህ የምን ጎማ ታወልቃለህ?» አለ አድላቢው። «ምን ጠርጥረህ ነው? በል እንዳመልህ አሽትትና ገላግለን።»

አፍንጮ አጎነበሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ጊዜ ሳበ። የሚሰማው የራሱ ልብ ምት ብቻ ነው። ይህ ደህና ነው አለ። እውነቱን ነው የተናገረው፤ ያወቀው ግን በአፍንጫው አልነበረም። ጎማውን መልሶ አለበሰና ወጣ።

ሁለተኛው ቤት የጡረተኛው ነው፤ አንዲት ጊደር አለችው። ጡረተኛው ስለ ዝናቡ ጀመረው፤ ሬዲዮው ገና ይጨምራል ማለቱን ነገረው፤ ወንበር አቀረበለት። አፍንጮ ቆሜ ልሂድ እያለ ጎማውን አወለቀ። ቁራጩን ሲያስጠጋ መስኮቱ ሊውጠው የደረሰ መሰለው። ከላይ ገባ። ከቀኝ ገባ። ትንፋሹን ይዞ በመዳፉ ጫን አለው። ይህ ይሁን እያለ በልቡ ለመነ። ጊደሯ ደህና ቆማ ትመለከተዋለች፤ ዓይኗ ጥሩ ነው፣ አፏ ደረቅ ነው። በግራ በኩል ግን አንድ ጣት ቀረ። የቱንም ያህል ቢጫነው ያቺ አንድ ጣት አልገባ አለች።

የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ጡረተኛው ሻይ ላፍላ ሲለው አፍንጮ ከግቢው ወጥቷል።

የባለወተቷ ቤት ከከተማው ዳር፣ ከወራጁ ውሃ ማዶ ነው። ባለወተቷ ከጓሮ ሁለት ባልዲ ውሃ ይዘው ሲመጡ አፍንጮን ገንዳውን ከነሰንሰለቱ ታቅፎ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ላብ በላብ ሆኗል። ጫማው ጭቃ ነክሷል። ቁራጩን በብብቱ ይዞታል።

ደስ አላቸው። መምጣትህ ደግ ነው አሉት። ቦቃዬ ጨውህን እንዴት እንደወደደችው ብታይ፤ ከማለዳ ጀምራ ስትልሰው ቆይታ ይኸው ምራቋን ታዝረበርባለች አሉ። እየሳቁ ነበር የሚናገሩት።

አፍንጮ ወደ ቦቃዋ አየ። ምራቋ እንደ ክር ከአፏ እስከ መሬት ወርዷል። ዓይኗ ያለቅሳል። ጭኗ ላይ ያለው ቆዳ፣ ዝንብ ሳያርፍበት፣ ይርገበገባል።

«እትዬ፣ ጨው አይደለም» አለ። «ገንዳው መርዝ ነክቶታል። እኔ ነኝ ያመጣሁብዎት።»

ባለወተቷ አልጮሁም። ባልዲዎቹን ቀስ ብለው አስቀመጡ። አንዱ ባልዲ ተንጋዶ ውሃው ፈሰሰ፤ ማንም አላቃናውም። ለሐኪሙ ደውል አሉት።

የከብት ሐኪሙ ስልኩን ወዲያው አነሳ። አፍንጮ ያየውን ሁሉ ነገረው። ሐኪሙ መርዙ ምን ዓይነት እንደሆነ ጠየቀ። የሚረጭ ነው ከማለት በቀር አላወቀም። ሐኪሙ፣ የምይዘው መርፌ እንደ መርዙ ስለሆነ መለየት አለብን፣ ከቤት ሳልወጣ አሁን ንገረኝ አለ። በርሜሉ እጅህ ላይ ነው ወይ ሲለው አዎ አለ።

«እንግዲያው አሽትተው፣ ጋሼ። ነጭ ሽንኩርት ነገር ይሸታል? አንተ እኮ አትስትም።»

ባለወተቷ ከፊቱ ቆመው ያዩታል። አዎ ማለት ይችል ነበር። አይደለምም ማለት ይችል ነበር። ከሁለቱ አንዱ ቦቃዋን ይገድላታል፤ የትኛው እንደሆነ ግን አያውቅም።

«አላውቅም» አለ። «ማሽተት ካቆምኩ አራት ወር ሆነኝ። ምንም አይሸተኝም።»

ባለወተቷ አንድ እርምጃ ቀርበው ቁራጩን ከብብቱ መዘዙት። ፊታቸውን አስጠጉ፤ ወዲያውም መለሱ።

«ነጭ ሽንኩርት ነው» አሉ። «የበሰበሰ ነጭ ሽንኩርት።»

ሐኪሙ ሰምቷቸዋል። መጣሁ፣ ከሰል አድቅቃችሁ ጠብቁኝ ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ግማሽ ሰዓት ጠበቁት። አፍንጮ በረቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ከሰል በድንጋይ ፈጨ። ባለወተቷ የቦቃዋን አፍ በውሃ ያጥባሉ። ምራቁን ይጠርጉታል፤ ተመልሶ ይወርዳል። ጥቁሯ ላም፣ የምትታለበዋ፣ ራቅ ብላ ታስራለች፤ እሷም ልሳለች፤ ግን ቦቃዋ ስለምትነክሳት ጥቂት ነው የደረሳት። ባለወተቷ እያጠቡ፣ ለእሱ ይሁን ለራሳቸው ሳይለይ፣ ባሌ ሲሞት ይቺ ላም የስድስት ወር ጥጃ ነበረች አሉ። የለቅሶው ሰው ሁሉ ሲሄድ ከእኔ ጋር የቀረችው እሷ ናት አሉ። ከዚያ ቀና ሳይሉ፣

«ሽታ ከጠፋብህ ለምን አልነገርከኝም?» አሉት። «እኔ አሸትልህ አልነበር?»

አፍንጮ ከሰሉን መፍጨቱን ቀጠለ። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር።

ሐኪሙ በሞተር ሳይክል ደረሰ። ወጣት ነው፤ ቀልድ ይወዳል፤ የዚያን ቀን ግን አልቀለደም። የቦቃዋን ዓይን በባትሪ አየ፤ የብሌኗ ቀዳዳ እንደ ስንጥቅ ጠቧል አለ። መርፌ ወጋት። ከሰሉን በውሃ በጥብጦ በጠርሙስ አጠጣት። በመካከል ወደ አፍንጮ ዞሮ፣ ገንዳው ከአጠገቧ ከተነሳ ስንት ደቂቃ ሆነው አለ።

«ሃምሳ» አለ አፍንጮ።

ባለወተቷ እጃቸው ላይ ያለውን ጨርቅ እየጨመቁ አዩት። ገንዳውን ታቅፎ ካገኙት ወዲህ ሠላሳ ደቂቃ ቢሆን ነው። አፋቸውን ከፈት አደረጉና መልሰው ዘጉ። ሐኪሙ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፈ።

ገንዳውን ገለበጠው። መርዙ የት ተደብቆ እንደቆየ ያን ጊዜ ነው የታየው። ከክዳኑ ሥር፣ ጠርዙ በሚታጠፍበት በኩል፣ ጣት የማይገባበት ጎድጓዳ አለ። እዚያ ውስጥ የተጋገረ ነጭ ነገር ተቀምጧል። ሳሙናውም አመዱም አልደረሰበትም። የማታው ዝናብ በክዳኑ ዳር ገብቶ እያሟሟ ወደ ጨው አውርዶታል።

ከቀትር በኋላ ቦቃዋ ተኛች። ሆዷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ትተነፍሳለች። ሐኪሙ ሁለተኛ መርፌ ወጋትና፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልተነሳች እኔንም ይቸግረኛል አለ። ጥጃው ይኖራል ወይ ሲሉት፣ መጀመሪያ እናቱ ትኑር አለ። አፍንጮ አንገቷን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ። በየጊዜው ምራቋን ይጠርጋል፤ እጁ በከሰል ስለጠቆረ ነጩ ግንባሯም ጠቆረ። ባለወተቷ ወንበር አምጥተው ከፊቱ ተቀመጡ። የግድግዳው ጥላ ከእግራቸው ጀምሮ ወደ ጉልበታቸው ወጣ።

ጥላው በረቱን ሞልቶት ነበር ቦቃዋ ጆሮዋን ስታራግፍ። ቆየት ብላ ጭንቅላቷን ከጭኑ ላይ አነሳች። የኋላ እግሯን ሰብሰብ አደረገች፤ ወገቧ ብድግ አለ፤ ተንገዳገደች፤ አፍንጮ በትከሻው ደገፋት። ቆመች። ቆማም ለረጅም ጊዜ ሸናች። ሐኪሙ ያን ጊዜ ሳቀ፤ ከዛሬ ሁሉ ያማረው ድምፅ ይሄ ነው አለ። ባለወተቷ ግን አልሳቁም፤ ወደ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ፤ ሲወጡ ፊታቸው ታጥቧል።

የጥቁሯ ወተት ለሦስት ሳምንት እንዲደፋ ሐኪሙ አዘዘ። አፍንጮ በማግስቱ አካፋ ይዞ ሄዶ ከግቢው ዳር ጉድጓድ ቆፈረ። በየጠዋቱ ባለወተቷ ያልባሉ፣ እሱ ተቀብሎ ይደፋል። ነጩ ወተት አፈሩ ላይ ጥቂት ቆይቶ ይሰርጋል። ያን ሳምንት ለከብት አድላቢውም ለጡረተኛውም ሄዶ ራሱ ነገራቸው። አድላቢው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀልድ አጣ፤ ከዚያ ግን አገኘ፤ ለካ በሬዎቼ ላይ በባዶ አፍንጫ ነው ስታጎነብስብኝ የኖርከው አለው። ገንዳውን አውርዶ መለሰለት። ጡረተኛው ግን አልመለሰም።

ቦቃዋ በአሥራ አንደኛው ቀን ወለደች። ጥጃዋ ሴት ናት፤ ትንሽ ናት፤ ለመቆም ቀንና ሌሊት ፈጀባት። አፍንጮ ሆዷን ደግፎ ጡት ሲያስይዛት ባለወተቷ፣ በደንብ ያዛት እንጂ፣ እጅህም ሞተ እንዴ አሉት። ከመርዙ ቀን ወዲህ የቀለዱበት የመጀመሪያ ጊዜ ነው።

መርዘኛውን በርሜል ማንም ውሃ እንዳይቀዳበት በጋለ ምስማር ወንፊት አደረገውና ሰው ከማይደርስበት ጥልቅ አድርጎ ቀበረው። አሁን ከየመስኮቱ የሚወጣ ቁራጭ ሁሉ አጥሩ ላይ በሽቦ ይሰቀላል፤ ቁራጩም ገንዳውም አንድ ዓይነት ምልክት ይተኮስባቸዋል። የሚያሸተው ሚስቱ ናት። አንድ ጊዜ ብቻ ሳብ ታደርግና ትጨርሳለች። ሦስት ጊዜ ሳቢው እንጂ ሲላት፣ እኔ እንዳንተ አልዘፍንበትም ትለዋለች። ሰፈሩ እሷን የአፍንጮ አፍንጫ ብሏታል። እሱ ግን እስከ ዛሬ ጠዋት ጠዋት ያጎነብሳል፤ ዓይኑን ይጨፍናል፤ ሦስት ጊዜ ይስባል፤ ከዚያ ለሚስቱ ቦታ ይለቃል።

ይህን ለምጽፈው ለእኔ ሁሉን ሲነግረኝ አልደበቀም። ማሽተት ማቆሙንም፣ ለስሙ ሲል ስልክ አለመደወሉንም ጻፊው ብሏል። አንዱን ብቻ ተይልኝ አለ።

ባለወተቷ በሩ ላይ ያገኙት ገንዳውን አውርዶ ሲወጣ አይደለም። ቀድሞ ገብቶ ነበር። በረቱ ውስጥ ሰው አልነበረም። ጎማውን አወለቀ፤ ቁራጩን አስጠጋ፤ ሳይጫነው እንደ ክዳን ገጠመ። ቦቃዋን አያት፤ ቆማለች፤ ደህና ናት ብሎ ለራሱ ነገረው። ገንዳውን ከነሰንሰለቱ ከማያያዣው ፈትቶ ታቀፈውና ወጣ። ነገ ሌላ ይዤ እመጣለሁ፣ ያኛው ተሰንጥቆ ነበር እላለሁ አለ። ወራጁን ውሃ ተሻገረ። ከመታጠፊያው ደረሰ። ገንዳው ሲከብደው እጁን በመስኮቱ አስገብቶ አስተካከለው፤ ጣቶቹም ጨዉ ውስጥ ካለ ጎድጓዳ ላይ አረፉ። የምላስ ጎድጓዳ ነው። ሲዳስሰው እንደ ሳህን ለስልሷል፤ ወደ ታች ጠልቋል፤ ገና እርጥብ ነው።

ምን ያህል እንደቆመ አያውቅም። እጁን ከዚያ ሳያወጣ ተመለሰ።